«መድኃኒት አይደለም፣ ምግብ ነው»
በዕለት ምግባችን ውስጥ ስላሉ የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች የቀረበ ትምህርት



ከጥቂት ጊዜ በፊት ቂርያት ማላኪ ውስጥ አንዲት እናት ለመጠየቅ ወደ ቤታቸው ሄደን ነበር። እኚህ እናት የስኳር በሽታ ካለባቸው ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። በየጠዋቱ ክኒናቸውን ሳያጓድሉ ይውጣሉ። ይሁን እንጂ ለሁለት ወር ያህል ጠዋት ጠዋት ላብ ላብ ይላቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ አንድ ቀን እንዲያውም ማድ ቤት ውስጥ ወድቀው ተገኝተዋል። ሐኪሙ በልጅ ልጃቸው አስተርጓሚነት «ከምንሰጥዎ ክኒን ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ ጠይቋቸው «የለም» ብለዋል። የዋሹት ነገር አልነበረም።

እኛ ግን ጥያቄውን ለወጥ አድርገን «እማማ፣ ከእንቅልፍዎ ሲነሱ መጀመሪያ የሚቀምሱት ምንድን ነው?» አልናቸው። «ምን እቀምሳለሁ ልጄ፣ አብሽ ነዋ! ማታ ዘፍዝፌ አሳድርና ጠዋት በባዶ ሆዴ እጠጣለሁ። ስኳሩን ይሰብራል ብለውኝ» አሉን። ክኒኑን የሚውጡት በዚያው ሰዓት ነው፤ ቁርስ የሚበሉት ግን አራት ሰዓት ገደማ ነው። በራሳቸው መሣሪያ ስንለካቸው ስኳራቸው 52 ሆኖ ተገኘ። ከ70 በታች ከሆነ ዝቅተኛ ነውና ወዲያው በስኳር የተበጠበጠ ውኃ ሰጠናቸው። «ታዲያ ለሐኪሙ ለምን አልነገሩትም?» ብንላቸው «መድኃኒት መቼ ሆነና! ምግብ ነው እንጂ» አሉን።

ይህ ትምህርት የተዘጋጀው በዚህች አንዲት ቃል ምክንያት ነው። በምግብና በመድኃኒት መካከል ያለው ድንበር ብዙዎቻችን እንደምናስበው ወፍራም ግድግዳ አይደለም፤ ቀጭን መጋረጃ ነው።

ተክል እነዚህን ንጥረ ነገሮች ለምን ይሠራል?

ተክል ጠላት ሲመጣበት ሮጦ ማምለጥ አይችልም። ከሚበላው ትል፣ ከሻጋታና ከሚያቃጥል ፀሐይ ራሱን የሚከላከለው በውስጡ በሚያዘጋጃቸው ንጥረ ነገሮች ነው። የቡና ምሬት፣ የሚጥሚጣ ማቃጠል፣ የነጭ ሽንኩርት ሽታ፣ የእርድ ቢጫነትና የቲማቲም ቅላት ሁሉ ከእነዚህ ንጥረ ነገሮች የሚመጡ ናቸው። እንደ ስብና እንደ ስኳር ጉልበት አይሰጡንም፤ እንደ ፕሮቲን ሥጋ አይገነቡም። ነገር ግን ወደ ሰውነታችን ሲገቡ በአንጀት፣ በጉበት፣ በቆሽትና በደም ላይ ሥራ ይሠራሉ።

ለዚህ አንድ ምሳሌ እንስጥ። ብዙዎቻችን ለስኳር በሽታ የምንወስደው ሜትፎርሚን የተባለው ክኒን መነሻው ጋሌጋ የሚባል ተክል ነው። ሊቃውንት በዚያ ተክል ውስጥ ስኳርን የሚቀንስ ንጥረ ነገር አገኙ፤ ከዚያም ተነሥተው ብዙ ካጠኑ በኋላ ጉዳቱ የቀነሰውን ክኒን ሠሩ። ስለዚህ «የድሮው ሁሉ ከንቱ ነው» የሚለው ሰውም «ከተፈጥሮ የመጣ ሁሉ አይጎዳም» የሚለው ሰውም ሁለቱም ተሳስተዋል።

አንድ ተክል ይጠቅመን ወይም ይጎዳን እንደሆነ ለማወቅ አራት ጥያቄዎችን መጠየቅ ያስፈልጋል። እነርሱም፦ ስንት? እንዴት ተዘጋጅቶ? መቼ? ከምን ጋር? የሚሉት ናቸው። ከዚህ ቀጥሎ የምናነበው ሁሉ በእነዚህ አራት ጥያቄዎች ላይ የተመሠረተ ነው።

አዛውንቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር

ከጎንደር የመጡ አዛውንቶቻችን ለዚህ ትምህርት አዲስ አይደሉም፤ ጓያን ያውቃሉና። በደምቢያና በፎገራ ሜዳ ጓያ የሚዘራው ክረምቱ ሲወጣ በመሬቱ በቀረው እርጥበት ነው። ሌላው እህል ሲከዳ ጓያ አይከዳም። በዚህ ምክንያት በድርቅ ዘመን ድኃው ሕዝብ ለወራት ጓያን ብቻ ይመገብ ነበር። በጓያ ውስጥ ያለው ኦዳፕ የተባለ ንጥረ ነገር እግርን የሚያንቀሳቅሱትን ነርቮች ይጎዳል። ሰውየው እግሩ እየተሳሰረ በምርኩዝ ለመሄድ ይገደዳል፤ ከጉዳቱም የሚፈውስ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ነገር ግን ጓያን ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ ጥቂት የበላ ሰው እንዲህ ያለ ጉዳት አይደርስበትም። ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውኃውን መድፋትም ጉዳቱን ጨርሶ ባያጠፋው ይቀንሰዋል። እንግዲህ «ስንት?» እና «እንዴት ተዘጋጅቶ?» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች ወላጆቻችን ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከኑሮ ተምረዋቸዋል።

አብሽ

አብሽ በአገራችን በወጥም፣ በመጠጥም፣ ለአራስም ይቀርባል። እዚህ እስራኤል አገር ደግሞ ከየመን የመጡ ጎረቤቶቻችን ሒልቤ ብለው የሚመገቡት ይህንኑ ተክል ነው። ሲዘፈዘፍ የሚዝለገለገው ነገር በውኃ የሚሟሟ አሰር ነው። ይህ አሰር በአንጀት ውስጥ ምግቡን ያወፍረዋል፤ ስኳሩም ወደ ደም ቀስ እያለ እንዲገባ ያደርጋል። ከዚህ ሌላ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚያግዝ ንጥረ ነገር በፍሬው ውስጥ አለ። ስለዚህ «አብሽ ስኳርን ይሰብራል» የሚለው አባባል መሠረት አለው።

ጉዳት የሚመጣው ግን ከዚሁ ጥቅሙ ነው። ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚያስገድድ ክኒን የሚወስድ ወይም ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው በዚያ ላይ ብዙ አብሽ በባዶ ሆዱ ቢጠጣና ቁርሱን ቢያዘገይ፣ ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። በመግቢያችን ላይ ባነሣናቸው እናት ላይ የደረሰው ይህ ነው። ሐኪማቸው ነገሩን ካወቀ በኋላ የክኒኑን መጠን አስተካከለላቸው። አብሹን ግን አልከለከላቸውም፤ መጠኑን ቀንሰው ከቁርስ ጋር እንዲወስዱት ነው የነገራቸው። ከዚያ ወዲህ አልወደቁም።

አብሽ የሚጠጣ የስኳር ሕመምተኛ የሚከተሉትን ያስታውስ፦

• ክኒንዎን አቋርጠው በአብሽ አይተኩት።
• በባዶ ሆድ ሳይሆን ከምግብ ጋር ይውሰዱት።
• ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም መደናገር ከተሰማዎ ስኳርዎን ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ።
• በአስተሥርዮ (ዮም ኪፑር) ወይም በሲግድ ለመጾም የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ይመካከር።

ነፍሰ ጡር ሴት በወጥ ውስጥ የሚገባው ጥቂት አብሽ አያስፈራትም፤ እንደ መድኃኒት አድርጋ ብዙ መጠጣት ግን አይገባትም። በወሊድ ሰሞን አብሽ የጠጣች እናት ደግሞ ለሐኪሞቹ ትንገር። የአብሽ ሽታ በሕፃኑ ሰውነትና ሽንት ላይ ይወጣል። ይህ ሽታ በትውልድ የሚመጣ አንድ ከባድ በሽታ ከሚያሳየው ሽታ ጋር ስለሚመሳሰል፣ ሐኪሞች ጤነኛውን ሕፃን ታሟል ብለው የተጠራጠሩበት ጊዜ አለ።

እንጀራና እርሾ

በሙሴ ዘመቻ (1984–1985) እና በሰሎሞን ዘመቻ (ግንቦት 1991) ወደ እስራኤል ስንመጣ የስኳር በሽታ በመካከላችን እምብዛም አልነበረም። ብዙ ዓመት ሳይቆይ ግን ቁጥሩ እየጨመረ ሄደ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። በእግር መሄዱ ቀረ፤ ጣፋጭ መጠጡ በዛ፤ ጤፍና ገብስም በነጭ ዱቄት ተተካ። በ2006 የኢትዮጵያ መንግሥት የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሲከለክል ደግሞ በብዙ ቤት ነጭ ዱቄቱ ይበልጥ ጨመረ።

የጤፍ ፍሬ በጣም ደቃቅ ስለሆነች ሽፋኗን ለይቶ ለማውጣት አያመችም። ስለዚህ የምንበላት ከነአሰሯ፣ ከነብረቷና ከነፖሊፌኖሏ ነው። ነጭ ዱቄት ግን ፉርሽካው ተነሥቶለት የቀረ ነው፤ ከፉርሽካው ጋር ብዙው ጥቅሙ ሄዷል።

ይሁንና በእህል ሽፋን ውስጥ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገርም አለ። ፋይቴት ብረትንና ዚንክን አጥብቆ ስለሚይዝ በአንጀት በኩል ወደ ደም እንዳያልፉ ያግዳቸዋል። እናቶቻችን ሊጡን በእርሾ አቡክተው ሁለትና ሦስት ቀን ማቆየታቸው ለጣዕም ብቻ አልነበረም። ሊጡ ሲኮመጥጥ ፋይቴቱ ይፈታል፤ ብረቱም ይለቀቃል። ዛሬ በችኮላ በሱቅ እርሾ (ሽማሪም) በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚነሣ ሊጥ ለዚህ ሥራ ጊዜ አያገኝም።

ምክራችን ይህ ነው። ጤፍ ለመግዛት አቅም ካነሰ ከነጩ ዱቄት ይልቅ ከነፉርሽካው የተፈጨውን (ኬማሕ ማሌ) ከጤፉ ጋር ይቀላቅሉ፤ ሊጡንም እንደ ድሮው ጊዜ ሰጥተው ያብኩት። የስኳር ሕመምተኛ ግን የጤፍ እንጀራም ቢሆን ስኳር እንደሚጨምር አይርሳ። እንጀራውን ቀነስ፣ ምስሩንና ጎመኑን በዛ ማድረግ ይሻላል።

ቡና

ቡና ያለ ጎረቤት፣ ጎረቤትም ያለ ቡና አይሆንም። በቡና ውስጥ ከካፌይን ሌላ ፖሊፌኖሎች በብዛት አሉ። ለብዙ ዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች እንዳሳዩት ቡና የሚጠጡ ሰዎች በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከማይጠጡት ያነሰ ነው። ይህ ግን ቡናው ብቻውን ከበሽታው ይጠብቃል ማለት አይደለም። በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ሲነሣ ስድስት ማንኪያ ስኳር ጠጥቷል። ይህም 24 ግራም ያህል ነው።

ለሴቶች ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የቡናና የሻይ ፖሊፌኖሎች በምግብ ውስጥ ያለውን ብረት ይይዙታል። በ1983 በአሜሪካ በተደረገ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ወደ ደም የሚገባውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ ቀንሶታል። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይቶ የተጠጣው ቡናም ከምግብ ጋር እንደ ተጠጣው ያህል ቀነሰ። ከምግብ በፊት አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣው ግን ምንም አልቀነሰም።

የእኛ ልማድ ምንድን ነው? እንጀራው እንደ ተነሣ ቡናው ይፈላል። ስለዚህ የደም ማነስ ያለባት ሴት፣ ነፍሰ ጡርና ገና በማደግ ላይ ያለች ልጃገረድ ብረት ያለበትን ምግብ ቢበሉም ብረቱን ቡናው ወይም ሻዩ ሊወስድባቸው ይችላል። መፍትሔው ቡናን መተው አይደለም፤ ሰዓቱን ማዛወር ነው። ከምግብ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ወይም ሁለት ሰዓት ያህል አሳልፎ ማፍላት ይቻላል። የብረት ክኒንም በቡና፣ በሻይ ወይም በወተት አይዋጥም። በምግቡ ላይ ሎሚ፣ ጥሬ ቃሪያ ወይም ቲማቲም መጨመር ደግሞ ብረቱ በደንብ እንዲገባ ይረዳል፤ በውስጣቸው ቫይታሚን ሲ አለና። ነፍሰ ጡር ሴት በቀን ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ካፌይን እንዳትወስድ ይመከራል፤ ወፍራሙን አቦል ለሌላው ትታ በረካውን ብትቀምስ ይበጃታል።

ጎመንና የደም ማቅጠኛ

ጎመን ለዓይንና ለአንጀት የሚጠቅሙ ብዙ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ ቫይታሚን ኬም በብዛት ይገኝበታል። ቫይታሚን ኬ ደም እንዲረጋ ይረዳል። ኩማዲን የተባለው የደም ማቅጠኛ ደግሞ የሚሠራው ይህንኑ ቫይታሚን በመቃወም ነው። ስለዚህ ኩማዲን የሚወስድ ሰው በአንድ ሳምንት ጎመን አብዝቶ በሌላው ሳምንት ጨርሶ ቢተው ደሙ አንድ ጊዜ ይረጋል፣ አንድ ጊዜ ይቀጥናል። በተለይ በፋሲካ ሳምንት እንጀራው ቀርቶ ሰላጣና ቅጠላ ቅጠል ሲበዛ ይህ ነገር ሊደርስ ይችላል።

አንዳንድ አባቶች «ጎመን ተከልክያለሁ» ሲሉ እንሰማለን። ይህ ስሕተት ነው። ትክክለኛው ትምህርት «በየሳምንቱ ተመሳሳይ መጠን ይብሉ፣ የደም ምርመራውንም (አይ.ኤን.አር.) አያጓድሉ» የሚል ነው። አዳዲሶቹ የደም ማቅጠኛ ክኒኖች በጎመን ምክንያት ይህ ችግር የለባቸውም፤ ስለዚህ የሚወስዱት የትኛውን እንደሆነ ነርሷን ይጠይቁ። የአፍንጫ መድማት፣ የጠቆረ ሰገራ ወይም ያለ ምክንያት የሚወጣ ሰንበር ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

አሽኮሊትና ጤና አዳም

የምንኖርበት አካባቢ የብርቱካንና የአሽኮሊት አገር ነው። በክረምት ጎረቤት ለጎረቤት በፌስታል ሞልቶ ይሰጣጣል። አሽኮሊት መልካም ፍሬ ነው፤ «ከምን ጋር?» ለሚለው ጥያቄ ግን ከእርሱ የተሻለ ምሳሌ የለም።

በ1989 በካናዳ ሊቃውንት አንድ የደም ግፊት መድኃኒት ከአልኮል ጋር ሲወሰድ የሚያመጣውን ለውጥ ሲመረምሩ፣ የአልኮሉን ጣዕም ለመሸፈን የአሽኮሊት ጭማቂ ቀላቀሉበት። ከዚያም የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ ከጠበቁት በላይ ከፍ ብሎ አገኙት። ምክንያቱ ጭማቂው ነበር። አንጀታችን አንዳንድ መድኃኒቶችን ወደ ደም ከመግባታቸው በፊት የሚያፈርስበት ኤንዛይም አለው። በአሽኮሊት ውስጥ ያለው ፉራኖኩማሪን የተባለ ንጥረ ነገር ይህን ኤንዛይም ከሥራ ውጭ ያደርገዋል። ያን ጊዜ አንድ ክኒን የዋጠ ሰው ብዙ ክኒን እንደ ዋጠ ያህል ይሆናል። ጉዳቱም ከአንድ ቀን በላይ ስለሚቆይ «ጠዋት አሽኮሊት፣ ማታ ክኒን» ማለት መፍትሔ አይሆንም።

በተለይ ሲምቫስታቲን የተባለውን የኮሌስትሮል ክኒንና አንዳንድ የደም ግፊት ክኒኖችን የሚወስዱ ሰዎች መጠንቀቅ አለባቸው። ፖሜሎና ፖሜሊትም እንደዚሁ ናቸው። ብርቱካንና መንደሪን ግን ይህ ጠባይ የላቸውም። የኮሌስትሮል ክኒን እየወሰዱ ጡንቻዎ ያለ ድካም ቢታመም ወይም ሽንትዎ ቢጠቁር ለሐኪምዎ ፈጥነው ይንገሩ።

በብዙ ቤቶች በረንዳ ላይ በማሰሮ የምትበቅለው ጤና አዳምም ፉራኖኩማሪን አላት። በቡና ላይ ጣል የምትደረግ አንዲት ዘለላ አታስጨንቅም። ነገር ግን ቅጠሏን ጨምቀው ቆዳ ላይ ቀብተው ፀሐይ ላይ የወጡ ሰዎች ቆዳቸው እንደ እሳት ቃጠሎ ውኃ ይቋጥራል። ለልጅ ቆዳ ይበልጥ ክፉ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ጤና አዳምን አፍልታ ልትጠጣት ፈጽሞ አይገባም፤ ማሕፀንን ታነሣሣለችና።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ወደ ኩፓት ሖሊም ሲሄዱ የሚወስዱትን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ። ክኒኑን ብቻ ሳይሆን የአብሹን ጠርሙስ፣ የቅጠሉን ቋጠሮ፣ ከዘመድ የተላከውን ዱቄትም ጭምር።
2. ሐኪሙ «ሌላ መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ሲል «በየቀኑ የምበላውና የምጠጣው ይህ ነው» ብለው ይመልሱ።
3. ለወላጆቻችሁና ለአያቶቻችሁ የምታስተረጉሙ ልጆች ሆይ፣ «መድኃኒት» የሚለውን ቃል ብቻ አትተርጉሙ። «አብሽ፣ ጤና አዳም፣ አሽኮሊትስ?» ብላችሁ ጨምራችሁ ጠይቁ።
4. ከሐኪም ጋር ሳይመካከሩ ክኒን አያቁሙ፤ የአገር ቤቱንም ምግብ በነጭ ዱቄትና በጣፋጭ አይለውጡ።

ራስዎን ይጠይቁ

• ትናንት ከምግብ በኋላ ቡና የጠጣሁት ስንት ሰዓት ቆይቼ ነው?
• የምወስደው ክኒን ከአሽኮሊት ጋር ይስማማ እንደሆነ ጠይቄ አውቃለሁን?
• በባዶ ሆዴ የምጠጣው ነገር አለን? ሐኪሜስ ያውቀዋልን?
• እንጀራዬ ስንት ቀን ቦክቷል?

በመግቢያችን ያነሣናቸው እናት አሁንም አብሻቸውን ይጠጣሉ። የተለወጠው ሰዓቱና መጠኑ ነው፤ ሐኪማቸውም ያውቃል። ባለፈው ስንጠይቃቸው «ምግብም ነው፣ መድኃኒትም ነው ለካ!» ብለው ሳቁብን። እኛም ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ የለንም።